የፖስታው ሳጥንና የአማቷ ሳህን

ሰፈሩ ሁለት ነው፣ ላይኛውና ታችኛው። ታችኛው የመኪናውን መንገድ ተከትሎ ተደርድሯል፤ ሱቁም፣ ወፍጮውም፣ ፖስታ ቤቱም እዚያ ናቸው። ላይኛው ገደሉ አናት ላይ ጉብ ብሎ ቁልቁል ያያል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እየተጠማዘዘ የሚወጣ ቀጭን አቀበት ነው። ያንን አቀበት ክረምት ከበጋ ሳይል የሚወጣው ፖስተኛው ነበር። የላይ ሰፈር ሰው ደግሞ ፖስታ ይወዳል። ደብዳቤው አልበቃው ብሎ ጋዜጣ፣ መድኃኒት፣ የአበባ ዘር፣ የመነጽር መስተዋት ሳይቀር በፖስታ ያዛል። ተሸካሚው እሱ አይደለ፣ ምን ቸገረው!

ፖስተኛው አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም። ከመነሳቱ በፊት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቶቹን በሁለት የሱፍ ማሰሪያ ይጠመጥማል፤ ማታ ሲመለስ ሚስቱ ትፈታለታለች። ማሰሪያው ሲፈታ የሚታየው እብጠት ከወር ወር እየባሰ ሄደ። እሱ ግን "ኧረ ደህና ነው፣ ትንሽ ሙቀት ነው" ይላል። ጉልበቱ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ሙቀት ነው ከሚል ሰው ጋር ምን ይባላል?

ሚስቱን ሰው ሁሉ "ብሎን" ነው የሚላት። የቤታቸው የፊት ክፍል የጥገና ቤቷ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌት፣ የግድግዳ ሰዓት፣ እምቢ ያለ ነገር ሁሉ እዚያ ይመጣል። ኪሷ ብሎን አያጣም። እንዲያውም በገዛ ሰርጓ ዕለት፣ ሙሽራ ሆና ቁጭ ባለችበት፣ መሐረብ አወጣለሁ ብላ እንግዳው መካከል ብሎን በትናለች። ስሙ የወጣላት ያን ቀን ነው፤ እሷም አልከፋትም።

ነገሩ የተጀመረው ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት በመጣ ዕለት ነው። ፖስተኛው አቀበቱን መውጣት እንደተሳነው ተሰምቷል፤ ስለዚህ የላይ ሰፈር መስመር ይዘጋል፤ ፖስታ የፈለገ ወርዶ ይውሰድ፤ ፖስተኛውም ጡረታ ይውጣ፤ ይላል ባጭሩ። ፖስተኛው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እራቱን ሳይበላ ተኛ። ይህ ሰው እራት ሳይበላ ተኝቶ አያውቅም። ብሎን ሥራውን ከቀሙት ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደሚያልቅ ታውቃለች፤ ሥራውን ከቀጠለ ደግሞ ጉልበቱ ያልቃል። በማግስቱ የስፌት መኪኖቹን ሁሉ ወደ ጥግ ገፋችና ወለሉ ላይ በጠመኔ መሳል ጀመረች።

የሳለችው ይህን ነው። ገደሉ አናት ላይ ትልቅ መዘውር ይተከላል። በመዘውሩ ላይ ረጅም የሽቦ ገመድ ያልፋል፤ በገመዱ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ሳጥን ይንጠለጠላል። አንዱ ላይ ሲሆን ሌላው ታች ነው። በየሳጥኑ ሥር የውኃ ጣሳ አለ። የላይኛው ጣሳ ከምንጩ ውኃ ሲሞላ ይከብድና ይወርዳል፤ እሱ ሲወርድ የታችኛው ሳጥን ፖስታውን ይዞ ይወጣል። የወረደው መሬት ሲነካ ውታፉ በራሱ ይነቀልና ውኃው ይፈሳል። ከዚያ ደግሞ በተራው ፖስታ ይጫንበታል።

ባሏ ጠመኔውን እንዳያጠፋ በእግሩ ጣት ቆሞ አየው። "ሞተሩ የታለ?"

"ሞተር የለውም።"

"ታዲያ በማን ጉልበት ነው የሚሠራው?"

"በማንም። ያንተንማ ጭራሽ አያውቀውም።"

"እኔስ ምን ልሠራ ነው?"

"ትጭናለህ፣ ታወርዳለህ፣ ደወል ትደውላለህ፣ ከመጣው ሁሉ ጋር ታወራለህ። ድሮስ ቢሆን ከወሬው ሌላ የምትወደው ምን ነበር?"

ሳቀ። ከዚያ ወረቀት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር።

ጣጣው ምንጩ የሚገኘው አማቷ ጓሮ ውስጥ መሆኑ ነው። ሁለቱም ሰፈር "እማማ" የሚላቸው እኚህ ሴት ገደሉ ጫፍ ላይ ባለችው የመጨረሻ ቤት ይኖራሉ፤ ልጃቸው አንድ ፖስተኛው ብቻ ነው። ምራታቸውን ከዚያ ሰርግ ጀምሮ በጎሪጥ ነው የሚያይዋት። ብሎን ወጥታ ስለ መዘውሩ ስታስረዳቸው እጃቸውን አጣምረው ሰሙና፣

"ገባኝ" አሉ። "ልጄ ፖስታውን ይዞ ሲመጣ እዚህ ደጅ አረፍ ይላል። በነጯ ሳህኔ ሞልቼ አበላዋለሁ። አንቺ አሁን በልጄ ፈንታ ሳጥን ልትልኪልኝ ነው።"

"እማማ፣ ጉልበቱን አይተውታል?"

"እንዴት አላየውም? የወለድኩት እኔ!"

"እንግዲያው ምን ልበልዎት።"

እማማ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። ግን ብሎን ለመዘውሩ ጉድጓድ መቆፈር በጀመረች ቀን ድንጋይ የሚያቀብል እጅ መጣላት፤ ቀና ስትል እማማ ናቸው። "ለጉልበቱ ብዬ ነው፤ ላንቺ እንዳይመስልሽ" አሏት። ቆይተውም ምንጩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሌላ ሰው ከሆነ ጓሮዬን አላስረግጥም ብለው የላይኛውን ሥራ ራሳቸው ያዙት።

ሥራው አለቀ፤ ተሞከረም፤ እንደ ልብ ሄደ። ሳጥኑ መጀመሪያ የወጣ ቀን፣ ላይ ሰፈር ገደሉ ጫፍ ላይ ተሰልፎ አጨበጨበ። ብሎን ግን የሰፈሯን ሰው አመል ስለምታውቅ ፈራች። በሁለቱም ሰፈር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሳህን አንድ ነገር ከላከ፣ ሳህኑ ሲመለስ ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር ይዞ ነው። ባዶውን መመለስ ስድብ ነው፤ ኧረ ከስድብም ይብሳል፤ ስድብስ ይረሳል። አሁን ይህ አመል ሳጥኑን ካገኘ መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ሰውን ሰብስባ አስጠነቀቀች።

"ከላይ ወደ ታች የፈለጋችሁትን ላኩ፤ የሚወርደው ሲከብድ ጥሩ ነው። ከታች ወደ ላይ ግን ከፖስታ በቀር አንዲት መርፌ አትጨመርም! ሳህን መመለስ የፈለገ በእግሩ ወጥቶ ይመልስ።"

ሁሉም እሺ አለ። ብሎን ግን አላመነችም፤ ታች ሳጥኑ ከሚጫንበት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም "ፖስታ ብቻ" ብላ ጻፈች።

ፖስተኛው መስመሩ ከመዘጋቱ በፊት ሳጥኑ ይታይልን ብሎ ጽፎ ነበርና፣ ሊፈትነው ተቆጣጣሪ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ጥርሱ ስንት እንደሆነ ማንም ያላየበት ሰው ነው። ግዙፍ የቆዳ ቦርሳ ከእጁ አይለይም፤ ውስጡ የፖስታ ሕጉ ከነማሻሻያው አለ። አንድ ጆንያ ደብዳቤ አስመጣ፣ መዘነው፣ በሰም አሸገው።

"እኔ አቀበቱን ወጥቼ መካከል ላይ ካለው ድንጋይ አጠገብ እቆማለሁ" አለ። "ሁለቱ ሳጥኖች እዚያ ጋ ይተላለፋሉ ተብያለሁ። ባርኔጣዬን ሳነሳ ይለቀቅ። ሳይቆም ከወጣ፣ ሳይቆም ወጣ ብዬ እጽፋለሁ። ከቆመ ደግሞ ቆመ ብዬ እጽፋለሁ።"

"ከቆመስ ምን ይሆናል፣ ጌታዬ?" አለ ፖስተኛው።

"መስመሩ ይዘጋል" አለና አቀበቱን ተያያዘው።

አሁን ደግሞ ያን ጠዋት የሆነውን ስሙልኝ። ተቆጣጣሪው ከመድረሱ በፊት ከላይ የወረደው ሳጥን የእማማን ሳህን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ያችን ነጯን፣ ባለ ሰማያዊ ጠርዟን። ከነሰፈፉ ያለ ማር ሞልቶባታል። ብሎን ለባሏ ልትሰጠው ስትል ከገደሉ አናት ድምፅ መጣ፤

"ማሩ የብሎን ነው! ልጄ እንዳይነካው!"

ከተጋቡ ጀምሮ ከዚያ ሳህን ለሷ ተብሎ የተላከ ነገር ኖሮ አያውቅም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሳህኗን አጠበች፣ አደረቀች፣ ያዘችና ቆመች። ልትመልሳት ነው። ዛሬ፣ በእንግዳ ፊት፣ እማማ ሳጥኑን ሲከፍቱ ሳህናቸውን ሊያጡ? ወይስ ባዶዋን ሊያገኙ? በቀይ ቀለም የጻፈችውን አየች፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ሳህኗን በስኳር ሞላቻት፣ ከላይ ሁለት ሳሙና ጨመረችባትና ከሳጥኑ ወለል ላይ አስቀምጣ በጨርቅ ሸፈነቻት። አንዲት ሳህን ምን ትመዝናለች?

ባርኔጣው ተነሳ። ፖስተኛው የታሸገውን ጆንያ ጭኖ ደወሉን ደወለ። ላይ እማማ ጣሳውን ሞልተው መያዣውን ለቀቁ። ሳጥኑ አልተንቀሳቀሰም። እማማ በመጥረጊያው እንጨት ገፋ አደረጉት፤ ያኔ ቀስ እያለ ወረደ፣ ታችኛውም ቀስ እያለ ወጣ። ብሎን በሆዷ "በርታ፣ በርታ" ትለዋለች። ሁለቱ ሳጥኖች ተቃረቡ፣ ተጠጋጉ፣ ልክ ተቆጣጣሪው አፍንጫ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። አንዱ ካንዱ አልከብድ ብሎ ወይ አይወጣ ወይ አይወርድ፤ ንፋሱ ብቻ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛቸዋል።

ብሎን ባሏን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

"የኔ ጥፋት ነው" አለችው። "የእናትህን ሳህን ጨምሬበታለሁ። ባዶዋን መመለስ አቃተኝ።"

ፖስተኛው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "እኔ እኮ... የኩራዟን ጋዝ ጨምሬላታለሁ። አንድ ቆርቆሮ። ያንን ቆርቆሮ ባለፈው እንቁላል ሞልታ ነበር የላከችው።"

"አንተ! ማስጠንቀቂያውን እየሰማህ!"

"አንቺስ? እየጻፍሽ!"

ከኋላቸው ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውየው በርበሬ የበላ ይመስል ቀልቷል። "እኔም ትንሽ ሽንኩርት ነገር አድርጌበታለሁ" አለ። "የእማማ ድስት ከኔ ዘንድ ከርሞ... ምን ላድርግ፣ ባዶውን ልስደደው?"

ብሎን ራሷን ይዛ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። የሽቦውን ክብደት አስልታለች፣ የሳጥኑን አስልታለች፣ የዝናቡን እርጥበት ሳይቀር አስልታለች። ያላሰላችው የሰፈሯን ሰው ነው፤ ከሰፈሯም ሰው ራሷን።

መካከል ላይ ተቆጣጣሪው የፖስታውን ሳጥን በከዘራው ስቦ ክዳኑን አነሳ። ድምፁ በገደሉ ውስጥ እያስተጋባ መጣ።

"ይህ ሁሉ ፖስታ ነው?"

"ሳህን ነው፣ ጌታዬ!" ጮኸች ብሎን፤ መዋሸት አልመጣላትም። "ባዶውን መላክ ነውር ሆኖብን ነው! መዘውሩ ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ የኛ ነው! እባክዎ ሽንኩርቱን ያውጡትና ይሄዳል!"

"መንገድ ላይ ካለ የፖስታ ሳጥን ዕቃ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው!"

ጉድ ፈላ። ከላይ ግን የእማማ ድምፅ ወረደ፤ "መጨመርስ? መጨመርን ሕግህ ይከለክላል ወይ፣ አንተ ልጅ?"

ተቆጣጣሪው ቦርሳውን ከፍቶ መጽሐፉን አወጣ። ሁለት ሰፈር ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀው፤ እሱ አገላበጠ፣ አንድ ገጽ ላይ ቆየ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ደግሞ አገላበጠ።

"ስለ መጨመር የተጻፈ የለም" አለ በመጨረሻ።

መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ መለሰ፣ ቦርሳውን ዘጋ፣ በሚወርደው ሳጥን ውስጥም አስቀመጠው። ያን ጊዜ ሕጉ ከነማሻሻያው ቁልቁል ወረደ፣ ስኳሩና ጋዙ ሽቅብ ወጡ፣ ሁለቱም ሰፈር ባንድ ጊዜ ጮኸ። ተቆጣጣሪው ያለ ቦርሳው አቀበቱ መካከል ቆሞ ሳጥኑን በዓይኑ ተከተለ፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ታየ ብሎ ባለሱቁ እስከ ዛሬ ይምላል።

ላይ ሲደርስ እማማ ወንበር ሰጡት፣ ውኃ ሰጡት፣ ሳያጠግቡም አልለቀቁትም። ሲነሳ ያችው ነጭ ሳህን የተቀቀለ እንቁላልና ኦቾሎኒ ተሞልታ ለመንገዱ እጁ ላይ ተቀመጠች። ታች ወርዶ ቦርሳውን ሲያነሳ ከበደው፤ ምን እንደጨመሩበት አልጠየቀም። ብሎን ከፊቱ ቆመች።

"ቆመ ብለው ነው የሚጽፉት?"

"ቆሟል" አለ ተቆጣጣሪው። "ውሳኔው ከአለቆቼ ጋር ታይቶ በጽሑፍ ይደርሳችኋል።" ሄደ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ መጣ። ብሎን ጣሳዎቹን አውርዳ ተለቅ ያሉ ሠራች፤ ሌላ የምታደርገው ስለሌላት ነው። ፖስተኛው ማሰሪያውን ጉልበቱ ላይ ጠምጥሞ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ውጣም አይሉት፣ ቅርም አይሉት። የማይጨነቁት እማማ ብቻ ነበሩ።

"ሳህኔን ይዞ የት ይደርሳል?" ይላሉ ከላይ። "ሳህኔ ትመጣለች፤ ስትመጣም ባዶዋን አትመጣም።"

"እማማ፣ ሰውየው የከተማ ሰው ነው፤ የኛን አመል በምን ያውቃል?"

"እናት የለችውም ወይ?"

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከፖስታ መኪናው ጥቅል ወረደ። ክብ ነው፣ በጥልፍ ፎጣ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። የተጻፈበትም "ላይ ሰፈር፣ ገደሉ ጫፍ፣ ለሳህኗ ባለቤት" የሚል ነው። ብሎን ከባሏ እጅ ልትነጥቀው ቃጣች።

"ክፈተው!"

"የእማዬ ነው።"

"ውስጡ እኮ ውሳኔው አለ! ያንተው ዕጣ ነው ያለው!"

"ቢሆንም የተጻፈው ለሷ ነው" አለ ፖስተኛው። ሲባጎውን አልነካም። "እስካሁን የሰው ፖስታ ከፍቼ አላውቅም፤ ዛሬ አልጀምርም።" ጥቅሉን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠና ደወሉን ደወለ።

ብሎን ይህን ሰው ለምን እንዳገባችው የሚጠይቃት ቢኖር ያን ሰዓት ትነግረው ነበር። የሚጠይቅ ስላልነበረ ቀሚሷን ሰብስባ አቀበቱን በሩጫ ያዘችው። ሳጥኑ ቀደማት፤ እልህ እንኳ አልያዛትም፣ የገዛ ሥራዋ ነው የቀደማት። ላይ ስትደርስ እማማ ሲባጎውን ፈትተው፣ ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጠብቋታል። ሳህኗ መሐል ላይ ናት፤ ውስጧ አንድ ጣሳ የመዘውር ቅባት፣ ከቅባቱ ሥር ማኅተም ያለበት ወረቀት።

"እኔ ዓይኔ ደክሟል" አሉ። "አንብቢው፣ ልጄ።"

ልጄ አሏት። ብሎን ወረቀቱን ዘረጋች። የላይ ሰፈር መስመር እንዲቀጥል ተፈቅዷል፤ ሳጥኑ የፖስታ ማጓጓዣ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ፖስተኛው በሥራው ላይ ሆኖ የታችኛውን ይጠብቃል፤ የላይኛውን የሳህኗ ባለቤት ይጠብቃሉ። ሳህን፣ ድስትና ቆርቆሮ አድራሻ ከተጻፈባቸውና ቴምብር ከተለጠፈባቸው እንደ ማንኛውም ፖስታ ይጓጓዛሉ። ከዚህ በታች፣ በሌላ ቀለም፣ በእጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ "ይህ ታስቦ ጣሳዎቹ ተለቅ ይበሉ።"

"ተለቅ ብለዋል!" ብላ ብሎን እየሳቀች እያለቀሰች እማማን አቀፈቻቸው። እማማ ትንሽ ደረቅ ብለው ቆዩና ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት።

ወረቀቱ የባሏ ነው፤ ሳህኗ ላይ አድርገው አወረዱለት። ትንሽ ቆይቶ ከታች ደወሉ ይጮህ ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ማቆሚያ አጣ።

"ይህ ልጅ የደወሉን ገመድ ሊበጥሰው ነው" አሉ እማማ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። ፎጣውን አንስተው በጥልፉ በኩል አዩት። "ይህንንስ ለሰውየው ባዶውን ልንልከው ነው? ማር እናድርግበት።"

ደወሉ ዝም ሲል ሳጥኑ ተመልሶ መጣ። ሳህኗ አለች፤ ባዶዋን አልነበረችም። ውስጧ ተጠቅልለው የተቀመጡት ሁለቱ የሱፍ ማሰሪያዎች ናቸው፤ አሁን ከጉልበቱ የተፈቱ፣ ሙቀቱ ገና ያልለቀቃቸው። እነዚያን ማሰሪያዎች ማታ ማታ የምትፈታው ብሎን ነበረች፤ ዛሬ ግን ራሱ ፈትቷቸዋል።

እማማ አንዱን አንስተው አሸተቱና አፍንጫቸውን ያዙ። "ወይ ጉድ! ይህን ነው የላከልኝ?" ሳቃቸው መጣ፤ እየሳቁ ማሰሪያዎቹን ወደ ምንጩ ወስደው አጠቧቸው፣ ጨመቋቸው፣ ከመዘውሩ አጠገብ ካለው አጥር ላይም አሰጧቸው።

"ሲደርቁ ሳህኗ ላይ አድርጌ ልውሰድለት?" አለች ብሎን።

"ተይው" አሉ እማማ። "ሌላውን ሁሉ በሳጥኑ እመልሳለሁ። ይህን ግን አልልክም። ሸክም የለበትም፣ የሚያጣድፈው የለ፤ ቀስ እያለ፣ ድንጋዩ ላይ አረፍ እያለ፣ ራሱ መጥቶ ይውሰድ።"